አስለቃሿና የአራተኛ ፎቅ ማመልከቻዋ

ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በፎቶ ኮፒ ቤቱና በጫማ ጠጋኙ መሐል፣ ሦስት ሰው ከገባባት አራተኛው ደጅ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል አለች። በሯ ላይ «ማመልከቻ፣ ክስ፣ መልስ፣ ይግባኝ ይጻፋል» የሚል ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። ውስጧ ያለው አንድ ኮምፒውተር፣ ወረቀት እያላመጠ የሚያስቸግር አንድ ፕሪንተር፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበርና መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች አንዲት ሴት ናት። ሴትዮዋ እንደ ማንም ሰው እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አላት፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን ያንን ስም የሚያውቅ የለም። ሁሉም የሚጠራት አስለቃሿ እያለ ነው።

ስሙን ያወጡላት የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኞች ናቸው። የእሷ ማመልከቻ እጃቸው በገባ ቁጥር አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው መሐረብ እንዳወጣ ሆኖ ዓይኑን ይጠርጋል። «ዛሬ ደግሞ ማንን ገደልሽው?» ይሏታል ጠዋት ስታልፍ። እሷም አትቆጣም። ስሙን የያዘችው እንደ ሹመት ነው።

ሹመቱ ደግሞ በከንቱ አልመጣም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያው ፍርድ ቤት ታይፒስት ነበረች። ዳኛ ፊት የቀረበ ወረቀት ምን እንደሚደርስበት በዓይኗ አይታለች። ደረቅ ማመልከቻ ከክምሩ ሥር ይገባል፣ ሥር የገባ ደግሞ ዓመት ይተኛል። አንጀት የሚበላው ከላይ ይቀመጣል። ይህን እውቀቷን ይዛ መንገዱን ተሻገረችና ክፍሏን ተከራየች። ሕጓ አንድ ነው፤ ማመልከቻ ላይ የሚችል ሰው የለም። ባሏ የሞተባት ሴት በእሷ እጅ ከተጻፈች ሁለት ባል የሞተባት ትመስላለች። ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ በሦስተኛው መስመር አልጋ ይይዛል፣ በሰባተኛው ይናዘዛል። ባለጉዳይ ሲያወራ ብዙም አታዳምጥም። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ «ችግሩ ምንድነው?» ትላለች፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ከሰማች በኋላ «በቃሽ፣ ገብቶኛል» ብላ ወደ ኮምፒውተሯ ትዞራለች። የቀረውን ጣቶቿ ያውቁታል።

ልብስ ሰፊዋም መጀመሪያ የመጣችው እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ነበር፤ ሁለት ዓመት አልፎታል። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር፣ ደረቷ ላይ ሁለት መርፌ ሰክታ የረሳች ሴት ነች።

«እትዬ፣ ልጄ ኦቲዝም አለባት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የምንኖረው በመንግሥት ኪራይ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ምድር ቤት እንዲቀይሩልን ነው የምንፈልገው። እሷ ማለት በረንዳው ላይ…»

«በቃሽ፣ ገብቶኛል።»

ዐሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። ልጅቷን አላየቻትም፤ ከአባቷ ጋር ቤት ቀርታ ነበር። አስለቃሿ ግን ለማስለቀስ ማየት አያስፈልጋትም። እንዲህ ብላ ጻፈች፤ «እኔ አመልካች፣ እናቷን ከጎረቤት ለይታ የማታውቅ፣ የሚነገራትን የማትሰማ፣ በገዛ እግሯ ደረጃ መውጣትና መውረድ የማትችል፣ ዕድሜ ልኳን ምንም ነገር ልትማር የማይቻላት ምስኪን ሕፃን ወላጅ እናት ስሆን…»

ልብስ ሰፊዋ አነበበችውና ፊቷ ጨለም አለ። «እትዬ፣ እሷ እኮ ደረጃውን…»

«ምድር ቤቱን ትፈልጊዋለሽ አትፈልጊውም?»

«እፈልገዋለሁ።»

«እንግዲያስ ፈርሚ።»

ፈረመች። በሦስተኛው ሳምንት የምድር ቤቱ ቁልፍ ተሰጣት። የቤቶች ጽሕፈት ቤት አንድን ባለጉዳይ በሦስት ሳምንት ሸኘ ሲባል በዚያ መንገድ ያመነ ሰው አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ የምታደርገው ቢጠፋት በእጇ የሰፋችውን ግራጫ ካፖርት አመጣችላት፤ ኪሱ ጥልቅ፣ አንገትጌው ሰፊ ነው። አስለቃሿ ካፖርቱን ለብሳ መዝገብ ቤቱ ፊት ለፊት ሁለት ጊዜ ተመላለሰች።

ዘንድሮ ልብስ ሰፊዋ ተመልሳ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ብቻዋን አልነበረችም። አብራት የመጣችው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወላጆች የመሠረቱት ማኅበር ጠበቃ ናት። ወጣት ናት፣ ክፍያ አትቀበልም፣ ፋይሎቿን የምትይዘው በፌስታል ነው። የቦርሳዋ ዚፕ ከተበላሸ ዓመት ሆኖታል፤ የምታሠራበት ጊዜ አጥታ ነው። ማኅበሩ ያለው አንድ ክሊኒክ ጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ ሰማንያ ቤተሰብ እሷን ብቻ ይጠብቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷን ቤተሰቧ ሚጢ ነው የሚላት። አሁን ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ደርሳለች። በትምህርት ቤቱ ከደወሉ በስተቀር ከማንም ጋር ጠብ የላትም። ደወሉ ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራ፣ ጤነኛ ጆሮ የሚያደነቁር ነው። በጮኸ ቁጥር ሚጢ ጆሮዋን ይዛ ትጮኻለች፣ ወደ ውጭው በር ትሮጣለች። ርዕሰ መምህሩ ሦስት ጊዜ ታገሠ፣ በአራተኛው ደብዳቤ ጻፈ፤ «የተማሪዋ ሁኔታ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ ወላጆቿ ከዛሬ ጀምሮ እንዲረከቧት…» ይላል። እንዲረከቧት! ዕቃ የሆነች ይመስል። ጠበቃዋ ለትምህርት ቢሮው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ልታቀርብ የፈለገችው ሁለት ነገር ነው፤ ሚጢ ወደ ክፍሏ ትመለስ፣ ደወሉ ከመጮኹ ሁለት ደቂቃ ቀድማ ወደ ግቢው ጥግ የምትወስዳት አንዲት ረዳት መምህርት ትመደብላት።

አስለቃሿ እጅጌዋን ሰበሰበች። «ምስኪን ሕፃን…» ብላ ጀመረች።

«ምስኪን የሚለውን ያውጡት፣ እትዬ» አለች ጠበቃዋ። «እኔ የምነግርዎትን ብቻ ይጻፉልኝ።»

የነገረቻት ግማሽ ገጽ አልሞላም። የሕግ ቁጥር፣ ቀን፣ ሁለት ጥያቄ፣ አለቀ። አስለቃሿ ቆሽቷ አረረ። «ይሄ ማመልከቻ ነው ወይስ የዕቃ ዝርዝር? ማንም አያነብልሽም!»

«መብቷ ነው እኮ፣ ልመና አይደለም።»

«ልጄ፣ እኔ ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ማዶ ተቀምጫለሁ። መብትም ቢሆን ለምነሽ ነው የምታገኚው።»

ጠበቃዋ ወረቀቷን ፌስታሏ ውስጥ ከትታ ወጣች።

ከዚያ የቀጠሮ መከራ ተጀመረ። በመጀመሪያው ቀጠሮ ሰብሳቢው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለ። በሁለተኛው ሰብሳቢው መጡ፣ አንድ አባል ጎደለ። በሦስተኛው ሁሉም ተሟሉ፣ ፋይሉ ጠፋ። በአራተኛው ፋይሉ ተገኘ፤ ጠረጴዛው እንዳይነቃነቅ አንዱ እግር ሥር ወትፈውት ኖሯል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይሄ ነው። አራት ወር እንዲህ አለቀ። ሚጢ ደግሞ ቀጠሮ የሚባል ነገር አይገባትም። በየጠዋቱ ዩኒፎርሟን ትለብሳለች፣ ቦርሳዋን ታዝላለች፣ በሩ ሥር ትቆማለች። እናቷ «ዛሬ ትምህርት የለም» ትላታለች። ሚጢ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አትልም።

በአምስተኛው ቀጠሮ አስለቃሿ ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ አብራ ሄደች። ማንም አልጠራትም፤ የዕቃ ዝርዝሩ ሲወድቅ ለማየት ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ክፍሉ ውስጥ ረጅም ጠረጴዛ፣ በስልክ ገመድ የታሰረ መጋረጃ፣ ሦስት የኮሚቴ አባላትና ክራቫቱን ያሳመረ ርዕሰ መምህር ነበሩ። ሰውዬው ክፉ አይመስልም። ድምፁ ለስላሳ ነው።

«እኛ ልጅቷን ጠልተናት አይደለም» አለ። «መማር ለማትችል ልጅ ወንበር ይዞ መቆየት ግን ለእሷም አይጠቅምም። አትችልም ያልነውም እኛ አይደለንም። እናትየዋ ራሳቸው በጽሑፍ ያረጋገጡት ነው።» ከፋይሉ አንድ ወረቀት መዘዘና ማንበብ ጀመረ። «እኔ አመልካች፣ እናቷን ከጎረቤት ለይታ የማታውቅ፣ የሚነገራትን የማትሰማ…»

አስለቃሿ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሰማ መጀመሪያ የመጣባት ነገር፣ ይቅር ይበላትና፣ ኩራት ነበር። እንዴት ያለ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እንዴት ይፈሳል! ርዕሰ መምህሩ «ዕድሜ ልኳን ምንም ነገር ልትማር የማይቻላት» የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ክው ብላ ቀረች። ካፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ልብስ ሰፊዋ ልጇን ስታስመዘግብ የመኖሪያ ማስረጃ ተጠይቃ፣ የቤቶች ጽሕፈት ቤቱን ወረቀት እንዳለ በስቴፕለር እንደተያያዘ ሰጥታ ኖሯል፤ ማመልከቻው ከሥሩ ነበር።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። «እመቤት፣ ይህ የእርስዎ ቃል ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ዞር ብላ አስለቃሿን አየቻት። አንድ ጊዜ ብቻ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ተመልሳ፣ «ፊርማው የኔ ነው» አለች።  አስለቃሿን ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ኮሚቴው መልስ ይዛችሁ ቅረቡ ብሎ ሌላ የሁለት ሳምንት ቀጠሮ ሰጠ።

ኮሪደሩ ላይ ጠበቃዋ ፌስታሏን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ማነው ይሄን የጻፈው?»

 አስለቃሿ የካፖርቷን ቁልፍ ስትነካካ ቆየችና፣ «እኔ ነኝ» አለች።

ጠበቃዋ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። የሳቅም የልቅሶም ያልሆነ ድምፅ አወጣች። «እትዬ፣ ይሄ ዓረፍተ ነገር ስንት ፋይል ውስጥ እንዳለ ያውቃሉ? እኔ ጋ ብቻ ዘጠኝ ነው። ምስኪን፣ ምንም የማይቻለው፣ የሚነገረውን የማይሰማ… አንዱ ልጅ ሥራ ሊቀጠር ሲል ይሄ ይወጣበታል። አንዱ በሙያ ማሠልጠኛ ሊመዘገብ ሲል ይሄ ይወጣበታል። ሁልጊዜ እኮ የማን እጅ ይሆን እያልኩ ነበር የምገረመው።»

 ዘጠኝ! ለዘጠኙም ምድር ቤት፣ ድጎማ፣ የሐኪም ወረቀት አስገኝታላቸው ይሆናል። ለዘጠኙም በር ዘግታባቸዋለች። በራሷም ተናደደች፣ ለአንዲት ምድር ቤት ይህን ያህል እዬዬ በሚጠይቁት ቢሮዎችም ተናደደች። «ታዲያ ምን ይሻላል?» አለች በመጨረሻ።

«አንድ መንገድ ነው ያለው። እርስዎ ቀርበው፣ ልጅቷን ሳላያት ነው የጻፍኩት ይበሉ። ማመልከቻው ሐሰት ነው ይበሉ።» ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «ይህንን ካልን ግን ለቤቱም አደጋ አለው። አልደብቅሽም።»

ልብስ ሰፊዋ ብዙ አሰበች። ምድር ቤቱን ከያዘች ወዲህ ነው ዓይኗን ጨፍና የምትተኛው። «ልጄ ትማር» አለች። «ስለ ቤቱ ሲመጣ እናያለን።»

አስለቃሿ ምስክርነቷን በጽሑፍ ለማዘጋጀት ልብስ ሰፊዋን ክፍሏ አስቀመጠቻት። «እሺ፣ አሁን ሚጢ የምትችለውን ንገሪኝ።»

«አትናገርም፤ ማለት ሦስት አራት ቃል ነው ያላት። ድምፅ አትወድም። ፀጉሯን ስትነካ ትጮኻለች። የሰው ዓይን አታይም…»

«የምትችለውን ነው ያልኩሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ደረቷ ላይ ያለችውን መርፌ ነቅላ መልሳ ሰካቻት። «እትዬ፣ ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው እኮ የለም» አለች። «ሐኪም ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሁሉም ቅጽ ላይ የሚጠይቁኝ የማትችለውን ነው። እሱን በቃሌ አውቀዋለሁ።»

አስለቃሿ ከማንም በፊት ያልጠየቀችው ራሷ መሆኗን አወቀች። ቅዳሜ ቀን ካፖርቷን ለብሳ ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደች።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አንደኛውን የልብስ ስፌት መኪናው ወርሶታል። ሚጢ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጣ ክሮችን በቀለም ትለያለች። እንግዳዋን ቀና ብላ አላየቻትም፣ ሰላምም አላለቻትም። አስለቃሿ ገና አረፍ ከማለቷ ግን ሚጢ ተነሥታ መጣችና የካፖርቱን ሦስተኛ ቁልፍ ያዘች። ቁልፉ ላልቷል፤ አስለቃሿ ራሷ አላስተዋለችውም ነበር። ሚጢ ሄዳ ከአርባ ክር መሐል ግራጫውን መረጠች፣ መርፌ ውስጥ ባንድ ጊዜ አስገባችው፣ ለእናቷ አቀበለቻት።

«እኔ ዓይኔ ደክሟል» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ቤት ውስጥ ክር የምታስገባው እሷ ናት፤ ሁልጊዜ።»

«ታዲያ ይሄ ምን ሆኖ ነው አትችልም የምትይኝ!»

«እንዲህ ያለው ነገር ይቆጠራል እንዴ?»

አስለቃሿ ማስታወሻዋን አወጣች። ያን ቀን ሁለት ገጽ ሞላች። ሚጢ የተማረችበትን ደብተር አየች፤ ፊደሎቹ ትልልቅና ጠማማ ናቸው፣ ግን ሁሉም ሥር የክፍል መምህርቷ በቀይ እስክሪብቶ የሰጠችው የ«ትክክል» ምልክት አለ። እናቷ መቀሱን ሳትጠይቅ ሚጢ እንደምታቀብላት አየች። ሰው ሲበዛባት እናቷን ባንገቷ አቅፋ «በቃ» እንደምትል ሰማች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሚጢ የአስለቃሿን ቦርሳ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት።

«ምን ማለቷ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ አፈረች። «ይሂዱ ማለቷ ነው።»

አስለቃሿ ከልቧ ሳቀች። እናቷን ከጎረቤት ለይታ የማታውቀው ልጅ እንግዳን ከቤተሰብ ለይታ አስወጣቻት።

የቀጠሮው ቀን ሲደርስ ምስክርነቷን ቆማ አነበበች። ልጅቷን ሳታያት እንደጻፈች፣ እናትየዋን እንዳላስጨረሰቻት፣ ሚጢ እናቷን እንደምታውቅ፣ የሚነገራትን እንደምትሰማ፣ ደረጃ እንደምትወጣና እንደምትወርድ፣ ደብተሯም ይኸው እንደሆነ። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ሲመሰክር ስታይ ኖራለች፤ ራሷ ስትመሰክር ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

«ሙያዎ ምንድነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ።»

«ያኔ የጻፉት ሐሰት ነው። የዛሬውንስ ለምን እንመን?»

«እኔን አትመኑኝ። ደብተሩን እመኑ፤ ቀይ ምልክቱን ያደረገችው የእነሱው መምህርት ናት።»

አንዲት የኮሚቴ አባል ደብተሩን ተቀብላ ገለጠች፣ አንገቷን ነቀነቀች። ርዕሰ መምህሩ ክራቫቱን አስተካከለ። ነገሩ የተቃና በመሰለ ጊዜ ሰብሳቢው እስክሪብቶአቸውን አስቀመጡና፣ «ጥሩ» አሉ። «ይህን ሁሉ የምትችል ከሆነ ታዲያ ረዳት መምህርት ለምን አስፈለጋት?»

አስለቃሿ ደሟ ፈላ። ጠበቃዋ እጇን ብትይዛትም ዝም አላለችም። «አትችልም ስንል ምን ልትሠራ ትመጣለች አላችሁ! ትችላለች ስንል ምን ጎደላት አላችሁ! በየት በኩል ትግባላችሁ? አራት ወር ሙሉ ዩኒፎርሟን ለብሳ በር ሥር ቆማለች እኮ! እኔ ውሸት የለመድኩት ከየት መሰላችሁ? እውነቱን ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ከእናንተ ዘንድ ባዶ እጁን ሲመለስ እያየሁ ነው!»

«እመቤት፣ ይቀመጡ» አሉ ሰብሳቢው። ተቀመጠች። 

ውሳኔው ከሳምንት በኋላ ደረሰ። ተማሪዋ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ፤ ደወል ከመደወሉ ሁለት ደቂቃ በፊት ከክፍል እንድትወጣ የክፍል መምህርቷ እንድትፈቅድ፤ ረዳት መምህርት መመደብን በተመለከተ ለጊዜው አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ልብስ ሰፊዋ በደስታ አለቀሰች። ጠበቃዋ ስለ ረዳቷ ይግባኝ እላለሁ ብላ ወረቀቱን ፌስታሏ ውስጥ ከተተች። ድሮ ታይፒስት የነበረችው አስለቃሿ ግን መጀመሪያ ያየችው የወረቀቱን ግርጌ ነው። ደብዳቤ የሚናደፈው በጅራቱ መሆኑን ታውቃለች። እንደፈራችውም፣ «ግልባጭ፦ ለቤቶች ጽሕፈት ቤት» ይላል።

ሐሰት ጻፍኩ ማለቷ መንገዱን ሙሉ አዳረሰ። መዝገብ ቤቶቹ ጠዋት ስታልፍ መቀለድ ተዉ፤ እሱ ከቀልዱ ይልቅ ከበዳት። ሁለት ሦስት ባለጉዳይ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ ዞረ፤ እሱም መጻፍ ጀምሯል፣ የሚጽፈውም «ምስኪን» እያለ ነው። ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሥራዋን ቀጠለች።

በሁለተኛው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ አንድ ደብዳቤ ይዛ ገባች። ሚጢንም ይዛት ነበር፤ ከትምህርት ቤት መመለሷ ነው፣ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች። ልጅቷ ወደዚያች ክፍል ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። አንደኛው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ፕሪንተሩን ተጠራጥራ ጆሮዋን ያዘች። አስለቃሿ ተነሥታ ፕሪንተሩን ከሶኬቱ ነቀለችው።

ደብዳቤው አጭር ነው። ልጅቷ ደረጃ መውጣትና መውረድ እንደምትችል በምስክር ስለተረጋገጠ፣ ምድር ቤቱ የተሰጠው በሐሰተኛ ማመልከቻ ሆኖ ተገኝቷል፤ በዐሥር ቀን ውስጥ በቂ ምክንያት ካልቀረበ ቤተሰቡ ወደ ቀድሞው አራተኛ ፎቅ ይመለሳል።

«እኔ ነኝ ያመጣሁብሽ» አለች አስለቃሿ። «ሁለት ጊዜ።»

ልብስ ሰፊዋ አይደለም አላለችም።

አስለቃሿ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። «እኔ አመልካች፣ ምስኪን…» ድረስ ጣቶቿ ራሳቸው ሄዱ። ቆመች። አንድ በአንድ አጠፋችው። ከዚያ ወንበሯን አዙራ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ እጇንም ጭኗ ላይ ሰበሰበች።

«ችግሩ ምንድነው? ጨርሺልኝ። አላቋርጥሽም።»

ልብስ ሰፊዋ ጀመረች። «አራተኛ ፎቅ እያለን ሚጢ ደረጃውን በሩጫ ነበር የምትወርደው፤ አባቷ እንኳ አይደርስባትም። መንገድ ላይ መኪና መሐል ሁለቴ አግኝተናታል። አንድ ቀን ደግሞ ልብስ እየሰፋሁ ዝም ሲለኝ ቀና አልኩ፤ የበረንዳውን ብረት ተሻግራ፣ በወዲያ በኩል ባለችው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። እግሯን እያወዛወዘች ነበር። ስሟን ጠርቼ እንዳላስደነግጣት ፈራሁ። በሆዴ ተስቤ ሄጄ ነው የያዝኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሯን ከውጭ እየቆለፍኩ፣ መስኮቱን በሚስማር መትቼ ነው የኖርኩት፣ ምድር ቤት እስክንገባ ድረስ።»

 ሚጢ ከጠረጴዛው ላይ የወረቀት ማያያዣዎችን እያነሣች ትላልቁን ከትንንሹ ትለያለች።

አስለቃሿ መነጽሯን አደረገች። ቀስ ብላ ጻፈች፤ እንዲህ ቀስ ብላ ጽፋ አታውቅም። «ልጄ ደረጃ መውጣትና መውረድ ትችላለች። መሮጥ ትችላለች። የበረንዳ ብረት መሻገርም ትችላለች፤ አንድ ቀን ተሻግራ አግኝቻታለሁ። ምድር ቤት የጠየቅነው ስለምትችል ነው።» ከዚያ በታች ሌላ ቃል አልጨመረችም። ፕሪንተሩ ተነቅሏልና የተጻፈውን እንድታነበው ኮምፒውተሩን ወደ ልብስ ሰፊዋ አዞረችላት።

ልብስ ሰፊዋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ይሄው ነው?» አለች።

«ይሄው ነው።»

«ያኔም እኮ እትዬ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «ልነግርዎት የነበረው ይህንኑ ነበር።»